ስምንቱ የትወና ዓመታት የት ገቡ?

«የመድረክ ልጅ ከፉትስክሬይ» ብለሽ ከዚያች የሜልበርን ሰፈር የጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ስድስት ገጽ ነውና አንባቢዎች እንዲከተሉን አሳጥሬ ልናገረው። ዕድሜሽ 31 ነው። በዘጠኝ ዓመትሽ ከቤተሰብሽ ጋር ሜልበርን ገብተሽ እዚያው አደግሽ፤ ትወና ተምረሽ ከተመረቅሽ ስምንት ዓመት ሆነሽ። እስካሁን ያገኘሻቸው ሚናዎች በጣት ይቆጠራሉ፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ያላት ነርስ፣ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ የምታለቅስ ስደተኛ፣ ከዚያ ሌላ የምታለቅስ ስደተኛ። ማታ ማታ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠሪያለሽ። መሳቢያሽ ውስጥ ስለ አንዲት እናትና ልጅ የጻፍሽው 94 ገጽ ስክሪፕት አለ፤ ዳይሬክተር ሆነሽ ራስሽ ልትሠሪው ትፈልጊያለሽ። የሁለት ዓመት የዳይሬክተርነት ማስተርስ ትምህርት ተቀብሎሻል፤ ክፍያው ግን እንቅልፍ ነሥቶሻል። እናትሽ በበኩላቸው «ስምንት ዓመት አባክነሽ አሁን ደግሞ ሀ ብለሽ ልትጀምሪ ነው? የአክስትሽ ልጅ ነርስ ሆና ቤት ገዛች» ይሉሻል።

አምስት ጥያቄ ጠይቀሽኛል። በአራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ግን፣ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ምናልባት እናቴ ልክ ነች፣ ትወናው ባክኗል»። ቡናዬን አስቀምጬ ወረቀት ያወጣሁት በእሷ ምክንያት ነው። ሌሎቹን በጥቂት ቃል እመልሳቸዋለሁ።

ምሳሌዬን ከምትኖሪባት ከአውስትራሊያ ልውሰድ። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ጄኒፈር ኬንት የብሪዝበን ልጅ ናት። ሲድኒ በሚገኘው ብሔራዊ የድራማ ጥበብ ተቋም፣ ሰዉ ኒዳ በሚለው፣ ትወና ተምራ በ1991 ተመረቀች። ከዚያ እንደ ማንኛውም ተዋናይት በቴሌቪዥን ድራማዎች ላይ ሠራች፤ ትወናም አስተማረች። ስሟን የሚያውቅ ተመልካች ግን ብዙ አልነበረም። ዓመታት ሲያልፉ የሌላ ሰው ቃል መናገር ሰለቻት። የዴንማርኩን ዳይሬክተር ላርስ ፎን ትሪየርን አንድ ፊልም ካየች በኋላ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ቀረጻህ ላይ ቆሜ ልማር፣ የፊልም ትምህርት ቤት ከምገባ ዓይኔን በመርፌ ብወጋው ይሻለኛል የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ። ሰውየውም ፈቀደላት። ስዊድን ሄዳ «ዶግቪል» ሲቀረጽ በረዳትነት ቆመች። ያ ፊልም፣ አይተሽው ከሆነ፣ ግድግዳ የለውም፤ መንደሩ በሙሉ ጥቁር ወለል ላይ በነጭ መስመር የተሰመረ ነው። ቤትም በርም ስለሌለ ሁሉን ነገር የሚሸከመው ተዋናዩ ነው። ለአንዲት ተዋናይት ከዚህ የተሻለ ክፍል ከየት ይመጣል?

በ2005 «ሞንስተር» የተባለ፣ አሥር ደቂቃ ገደማ የሆነ አጭር ፊልም ሠራች። እሱን አስፍታ የጻፈችው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟ «ዘ ባባዱክ» የታየው በጥር 2014 ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ነው። (በነገራችን ላይ የኛው የኢትዮጵያ ፊልም «ድፍረት»ም እዚያው ሰንዳንስ ላይ፣ በዚያው ጥር ታይቶ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። አንቺ ያኔ ገና ተማሪ ሳትሆኚ አትቀሪም።) አሁን ቁጠሪው። ከምርቃት እስከ መጀመሪያ ረጅም ፊልም 23 ዓመት፤ ከአጭሩ ፊልም እስከ ረጅሙ ዘጠኝ ዓመት። እናትሽ ይህን ቢሰሙ «ይኸው! አላልኩሽም?» ይላሉ። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፤ ያች ሴትዮ ካሜራው ጀርባ ስትቆም ይዛ የመጣችው ምን ነበር?

አንድ ነገር ብቻ ከቅርብ ላሳይሽ። «ዘ ባባዱክ» ባሏን በሞት ያጣች እናት ከስድስት ዓመት ልጇ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ተዘግታ ቀስ በቀስ አእምሮዋ ሲናወጥ የሚያሳይ አስፈሪ ፊልም ነው። እናቲቱ ልጁ ላይ የምትጮኽባቸው፣ ለጆሮ የሚቀፍ ቃል የምትወረውርባቸው ትዕይንቶች አሉ። ልጁን የሚጫወተው ሕፃን እውነተኛ ሕፃን ነው። ኬንት ምን አደረገች? ከቀረጻው በፊት ሳምንታት ወስዳ ልጁን አለማመደችው፤ ታሪኩንም ለልጅ በሚሆን መልኩ ነገረችው። ካሜራው እናቲቱ ላይ ሆኖ እነዚያ ክፉ ቃላት በሚነገሩበት ጊዜ ልጁ በቦታው አልነበረም፤ አንድ ትልቅ ሰው በልጁ ቁመት ልክ ተንበርክኮ ስድቡን ሁሉ ተቀበለ። ሁለቱ በአርትዖት ሲገጣጠሙ ተመልካቹ እናትና ልጅ ፊት ለፊት የቆሙ ይመስለዋል። ተንበርክኮ የሚሰደብ ሰው ማቆም የሚያስፈልገው ለልጁ ብቻ እንዳልሆነም አስተውዪ። ተዋናይቱም ባዶ አየር ላይ ስትጮኽ ቃሉ ይሞትባታል፤ የሚቀበላት ዓይን ያስፈልጋታል። ይህን የሚያውቀው የሌንስ ዓይነት የሸመደደ ሰው አይደለም፣ አንድ ቀን ራሱ ባዶ አየር ላይ እንዲያለቅስ የታዘዘ ሰው ነው። አንቺ ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ያለቀስሽው በቴፕ ለተለጠፈ ምልክት እንደነበር በሁለተኛው ገጽ ላይ ጽፈሽልኛል። እንግዲህ ባከነ የምትዪው ይህን ነው?

እኔም ስለ ራሴ አንዲት ነገር ልጨምር፣ ዕድሜ ያስለፈልፋል። አዲስ አበባ ለስድስት ዓመት መድረክ ላይ ነበርኩ። አንድ ክረምት ጉሮሮዬ ታሞ ድምፄ ጠፋና ከሚናዬ ወረድኩ፤ ከመጋረጃው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ጽሑፉን በባትሪ እያበራሁ፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ እንዳቀብል ተመደብኩ። እንደ ቅጣት ቆጥሬው አለቀስኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ሕዝቡ የሚያስለው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር። ቅዳሜም እሑድም፣ ሁለተኛው ገቢር ላይ፣ ሽማግሌው ምክራቸውን ሲጀምሩ አዳራሹ በሳል ይሞላል። ያ ሁሉ ሰው ጉንፋን ይዞት አይደለም፣ ንግግሩ ረዝሞበት ነው። በእርሳስ ስድስት መስመር ሰርዤ ለአዘጋጁ አሳየሁ። ተቆጡ፤ በማግስቱ ግን አስቆረጡት፤ ሳሉም ቆመ። ስለ ጽሑፍ የማውቀውን ግማሹን የተማርኩት ከዚያ በርጩማ ላይ ነው።

ስለዚህ ስለ ማስተርሱ የምለውን አስቀድመሽ ሳትገምቺው አትቀሪም። አትግቢ። ቢያንስ ዘንድሮ አትግቢ። ትምህርት ቤቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ከዚያ የወጡ ጥሩ ባለሙያዎች አሉ። ነገር ግን ደብዳቤሽን ሁለቴ ሳነበው ትምህርቱን የፈለግሽው ዕውቀት ጎድሎሽ ሳይሆን ፈቃድ ጎድሎሽ ይመስላል፤ «አሁን ዳይሬክተር ነሽ» የሚል ማኅተም የተመታበት ወረቀት። የትምህርት ብድሩ ገቢሽ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በግብር በኩል የሚቆረጥ ስለሆነ ዛሬ አይሰማሽም፤ ቀሪው ግን በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ወይም ከደመወዝ ዕድገት ባነሰው ልክ እየተስተካከለ ይቆይሻል። ለማኅተም ይህን ያህል አይከፈልም። የጎደለሽ አንድ ነገር ነው፤ ቀረጻ ላይ ከካሜራው ፊት ሳይሆን ከጎኑ መቆም። ለዚያ ደግሞ በሚቀጥለው ሥራሽ ላይ፣ ሦስት ዐረፍተ ነገርሽን ተናግረሽ ስትጨርሺ፣ መኪና ውስጥ ገብተሽ ወደ ቤት አትሂጂ። የስክሪፕቱን ተከታታይነት የምትቆጣጠረው ሴት አጠገብ መቆም ይፈቀድልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ከዳይሬክተሩ ቀጥሎ ፊልሙን በሙሉ በጭንቅላቷ የያዘችው እሷ ናት፤ የቱ ብርጭቆ በየትኛው እጅ እንደነበረ፣ የቱ ቃል እንደተዘለለ። እርግጥ ደብዳቤ የጻፈ ሁሉ እንደ ኬንት «ነዪ» አይባልም። ሃያ ጽፈሽ አንዱ ቢመልስልሽ ግን አንዱ ይበቃሻል።

የማታ ሥራሽን አታቋርጪ። በደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ውርደት ጠቅሰሽዋል፤ እኔ እንደ ሀብት ነው የማየው። እኔም ሜልበርን እንደመጣሁ ለሰባት ዓመት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ለዚህ ሙያ ያበቃኝን ትምህርት ያነበብኩት አረጋውያኑ ከተኙ በኋላ፣ ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ስልክ አይደወልም፣ እንግዳ አይመጣም፣ ደመወዝ ግን ይታሰባል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ይህን በቁጣ ስለምጽፈው አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በየወሩ 400 ዶላር አዲስ አበባ ለሚሠራው የቤተሰብ ቤት እንደምትልኪ፣ ይህንንም ስድስት ዓመት እንዳደረግሽ ጽፈሻል። 28,800 ዶላር ነው። ምድር ቤቱ ተከራይቷል፤ ኪራዩን የሚሰበስበው ወንድምሽ ነው፤ አሁን የምትልኪው ለሁለተኛው ፎቅ ነው። እህቴ፣ ይህ እርዳታ አይደለም። የታመመ አለ? የሚራብ አለ? የለም ብለሻል። ታዲያ አንቺ ለአሥር ደቂቃ ፊልም ብር አጥተሽ ለሰው ፎቅ ሲሚንቶ የምትገዢው በምን ሕግ ነው? እናትሽ «ትወና ገንዘብ አያመጣም» ሲሉ የተመቻቸው፣ ያመጣሽው ገንዘብ የት እንደገባ ማንም ስለማይቆጥር ነው። አንድ ዓመት አቁሚ። ለወንድምሽ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ንገሪው፤ በስልክ ታለቅሻለሽ። የአንድ ዓመቱ 4,800 ዶላር ሁለት ቅዳሜና እሑድ የሚቀረጽ አጭር ፊልም የካሜራ ኪራይና የሠራተኞቹን ምሳ ይችላል። «ዘ ባባዱክ»ም ቢሆን ዋናው ገንዘቡ ከመንግሥት የፊልም ድጋፍ ተቋማት ቢመጣም፣ ለትዕይንት ቤቱ ግንባታ የጎደለውን 30,000 ዶላር የሞላው በኢንተርኔት ከተራ ሰዎች ተለምኖ ነው። ሰው ልመናዋን ሲሰማ ግን አጭሩ ፊልም አስቀድሞ በእጇ መኖሩ ሳይረዳት አልቀረም።

ነርስነትን በተመለከተ፤ የተከበረ ሙያ ነው፣ አንቺ ግን አትወጂውም፣ ሙያዋን የማትወድ ነርስ ደግሞ አልጋ ላይ ያለውን ሰው ትጎዳለች። ለእናትሽ ይህንኑ በዚሁ ቃል ንገሪያቸው።

«ትወናን ጨርሼ ልተወው?» ብለሻል። ለምን? ሊያ ፐርሴል፣ ያች የኩዊንስላንድ አቦርጂናል ተዋናይት፣ በ1892 የታተመ የአውስትራሊያዊውን ደራሲ የሄንሪ ላውሰንን አጭር ልቦለድ እንደ አዲስ ጽፋ በ2016 ሲድኒ ውስጥ ቤልቮር ቲያትር መድረክ ላይ መሪ ሚናውን ራሷ ተጫወተችው፤ ከዚያ መጽሐፍ አደረገችው፤ በ2021 ደግሞ ፊልሙን ጽፋ፣ ዳይሬክተር ሆና፣ አሁንም ራሷ ተጫወተችበት። አንዱን በር ሳትዘጋ ነው ሌላውን የከፈተችው።

«ሴት ዳይሬክተር ማን ያምናል?» ላልሽው፤ የመንግሥት የፊልም ድጋፍ ተቋሙ ስክሪን አውስትራሊያ ራሱ በ2015 ባወጣው ቁጥር ከልቦለድ ፊልም ዳይሬክተሮች ሴቶቹ 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኬንት በ2018 ሁለተኛ ፊልሟን ወደ ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ስትወስድ በዋናው ውድድር ብቸኛዋ ሴት ዳይሬክተር ነበረች፤ የዳኞቹን ልዩ ሽልማት ይዛ ተመለሰች። ችግሩ እውነት ነው። መልሱን ግን ከእኔ አታገኚውም።

«ፊልሙን አዲስ አበባ ሄጄ ልሥራው?» አይሆንም። ታሪኩ የፉትስክሬይ ኩሽና ታሪክ ነው፤ እዚያው በእናትሽ ኩሽና ሥሪው፣ ከፈቀዱልሽ።

አያይዘሽ የላክሻቸውን የመጀመሪያዎቹን 12 ገጾች አንብቤያለሁ። ገጽ ሰባት ላይ ልጅቱ ከቤት ልትወጣ እንደሆነ ስትናገር እናትየዋ አትመልስም፤ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን የሽንኩርት ልጣጭ በአንድ እጇ ጠርጋ ሌላው መዳፏ ውስጥ ታጠራቅማለች፤ መጣያው አጠገቧ ሆኖ ሳለ ጨብጣው ትቆማለች። ይህን የጻፈው እጁን መድረክ ላይ ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት የሚያውቅ ሰው ነው። ቀጥሎ ግን እናትየዋ ለምን እንዳዘነች የምታስረዳበት አምስት ዐረፍተ ነገር አለ። እኔ በርጩማዬ ላይ ብሆን ኖሮ እዚያ ላይ ሳል እሰማ ነበር። ነገ ሌሊት ተረኛ ስትሆኚ አምስቱንም በእርሳስ ሰርዢያቸው፣ ገጹን ጮክ ብለሽ አንብቢውና እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።