የመምህር ደመወዝ በተማሪ ውጤት ይሁን? ከጎንደር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን በየሻይ ቤቱ አንድ ሐሳብ ይነሣል። «መምህር የሚከፈለው ተማሪው ባመጣው ውጤት ልክ ይሁን» ይባላል። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ በሱፐርቫይዘርነትም ሠርቻለሁ። ስለዚህ ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ አልኩ። ጎረፈ! ተመሳሳዩን አንድ ላይ ጨፍልቄ እነሆ።

ከአራዳ አንድ አባት፦ «መምህር፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ካልሸጥኩ አልበላም። ተማሪው ወድቆ መምህሩ ለምን ሙሉ ደመወዝ ይወስዳል?»

እርስዎ ጤፉ ነቀዝ ካለበት ይመልሱታል። መምህር የሚመልሰው ልጅ የለውም። ዘጠነኛ ክፍል የሚገባው ተማሪ ስምንት ዓመት በሌሎች እጅ ቆይቶ ነው የሚመጣው። አንብቦ መረዳት ሳይችል ቢመጣ የማን ደመወዝ ይቆረጥ? ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ማራኪ ሰፈር የሚኖር፣ ቤቱ አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅ አለ። አጠገቡ ከደንቢያ ገጠር ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚማር አለ። የሁለቱን ማርክ አይቶ የመምህሩን ጉብዝና ማወቅ አይቻልም።

«ፈተናው እኮ አገር አቀፍ ነው። ከዚያ የተሻለ ምን መለኪያ አለ?»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ድሮ በየትምህርት ቤቱ ነበር የሚሰጠው። ኩረጃው ያን ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር የምታውቁት ነው። የ2014 ተፈታኞች ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የእነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች መምህራን በአንድ ክረምት ሰነፉ ብዬ አላምንም። ገመናው ነው የተገለጠው።

እስቲ አስቡት። ደመወዝ ከዚያ በፊት በውጤት ቢሆን ኖሮ ጉርሻውን ማን ይወስደው ነበር? ፈተና ክፍል ቆሞ ዓይኑን የጨፈነው። ኮስተር ብሎ የተቆጣጠረው ይቀጣ ነበር።

«ሌላ አገር ተሞክሯል?»

ከጥንት ጀምሮ። እንግሊዞች በ1862 (የውጭውን ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ለትምህርት ቤት የሚሰጠውን ድጎማ ልጆቹ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ፈተና በማለፋቸው ላይ አሰሩት። መምህሩ ለተቆጣጣሪው ቀን ማስሸምደድ ሆነ ሥራው። በ1890ዎቹ ተዉት።

ኬንያ ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ በ50 ትምህርት ቤቶች ተሞከረ። ውጤቱ ከፍ አለ፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ጭማሪው ከልጆቹ ጋር አልቆየም። መምህራኑ ያበዙት የፈተና ዝግጅት ነበር።

የሚያስቀናው የሕንዱ ነው፣ አንድራ ፕራዴሽ። ጉርሻው ትንሽ ነበር፤ በአማካይ ከዓመት ደመወዝ 3 በመቶ አካባቢ። የታየው ልጆቹ ከዓመቱ መጀመሪያ ምን ያህል ተሻሻሉ የሚለው ነው። በሒሳብም በቋንቋም ለውጥ መጣ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ያም ሆኖ ማንም መሠረታዊ ደመወዙን አልተነካም። ፈተናውን ያዘጋጀውና ያረመውም መምህሩ አይደለም።

አሜሪካ ናሽቪል ለሒሳብ መምህራን እስከ 15,000 ዶላር ቃል ገብተው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። አትላንታ ግን ባሰ። በ2011 የወጣው የምርመራ ሪፖርት 178 የትምህርት ሠራተኞች በማጭበርበር እጃቸው እንዳለበት ገለጸ። የተማሪውን የተሳሳተ መልስ በላጲስ አጥፍተው ትክክለኛውን የሚያጠቁሩ ነበሩ። እኛ ብቻ ነን የምንኮርጅ ለሚለው ሰው ይህን ንገሩልኝ።

ከገጠር ወረዳ አንድ ወጣት መምህር፦ «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ እኔ በማግስቱ ዝውውር እጠይቃለሁ።»

ማን ይፈርድብሃል? በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የከረመበት ስንት ቀበሌ አለ። እዚያ የቀረው መምህር ሊጨመርለት ሲገባ ሊቀነስበት ነው።

«የስፖርቱና የሥዕሉ መምህርስ?»

አገር አቀፍ ፈተና የላቸውም። ባለሐሳቦቹ ይመልሱ።

«አሁንስ ቢሆን ውጤት ተኮር የሚባል የሥራ ምዘና አለ አይደል?»

አለ። ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ የሚያወጣ የደረጃ ዕድገትም አለ። ደረጃው ሲያድግ ደመወዙም ያድጋል። ችግሩ ምዘናው የይሉኝታ ነው። ርዕሰ መምህሩ ነገ አብሮት ለቅሶ ለሚደርሰው ባልደረባ ዝቅተኛ ነጥብ አይሰጥም። ፋይሉ ይወፍራል፣ ክፍል ገብቶ ማስተማሩን ቁጭ ብሎ ያየ ግን የለም። እኔ ቢሆን ገንዘቡን ከመነካካት በፊት ይህን አስተካክል ነበር።

«የኔታ ያለ ደመወዝ ሊቅ ያፈሩ አልነበር?»

ያፈሩ ነበር። ግን የኔታ «በሰኔ ጨርስ» የሚል አለቃ የለባቸውም። እዚሁ ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የማሕሌቱን ዜማና ሽብሸባ) የሚማር ደቀ መዝሙር የሚመሰከርለት ሲበቃ ነው። ያልበቃው ይቀጥላል። ስድሳ ልጅ ባንድ ክፍል አጉረን፣ ክፍለ ጊዜ ቆጥረን በየኔታ መነጻጸር ደግ አይደለም።

«እርስዎ ቢሾሙ ምን ያደርጋሉ?»

ማን ይሾመኛል! ግን ደመወዙን አልነካም። ቤት ኪራይ የሚከፈልበት ነው። ጉርሻ ካለ ለትምህርት ቤቱ በጋራ እሰጣለሁ፤ ጎበዙ ሰነፉን እንዲያግዝ። የምለካው ከመስከረም እስከ ሰኔ የታየውን ለውጥ ነው። ፈታኙ ከሌላ ወረዳ ይምጣ። የምጀምረውም ከ12ኛ ሳይሆን ከታችኛው ክፍል ንባብ ነው፤ ልጁ የሚጠፋው እዚያ ነውና።

ከአዘዞ አንዲት እናት፦ «የእኔ ቀላል ነው። የልጄ መምህር በሳምንት ግማሹን አይገባም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ቀላል አይደለም። ኬንያም ሕንድም ጉርሻው የመምህራንን መቅረት አልቀነሰም። ስለዚህ ደመወዝ በውጤት ቢሆንም የእርስዎ ችግር እዚያው ነው። የልጅዎን ደብተር ቀን በቀን ይዩ፣ ያልተጻፈበትን ቀን ይመዝግቡ። መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ ሰምቶ ዝም ካለ ወደ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ይሂዱ። ብቻዎን ከሚሄዱ ሦስት አራት ወላጅ ሆናችሁ ሂዱ። መምህሩንም «ምን ሆነህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ታምሞ ወይም ሁለተኛ ሥራ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔው ይለያያል።