ጠይቁን፦ ቤት ሆኜ ስሠራ መብራቱ ዓይኔን ፈጀው

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ነው የምኖረው። ቤት ሆኜ በኮምፒውተር የሂሳብ ሥራ እሠራለሁ፣ ቀን ትንሽ ትንሽ፣ ዋናውን ግን ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ነው። ክፍሏ ጠባብ ነች፣ ኮርኒሱ መሃል ላይ አንድ አምፖል ብቻ አለ፣ ጠረጴዛዬ ግድግዳ ተጠግቷል፣ መስኮቱ ከጀርባዬ ነው። ዓይኔ ይቃጠላል፣ ግንባሬን ይይዘኛል፣ ቀን ላይ በቪዲዮ ስንደዋወል ደግሞ ፊትሽ ጠቁሮ አይታይም ይሉኛል። ባለ 18 ዋት ነጭ አምፖል ገዝቼ ብቀይረው ጭራሽ ባሰብኝ። ኢንተርኔት ላይ ሰሜን የሚያይ መስኮት ጥሩ ነው ይላል፣ የኔ እኮ ሰሜን ነው የሚያየው! ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላ አምፖል ከመግዛትሽ በፊት ጠረጴዛውን አዙሪው፣ እሱ ብር አይጠይቅም። አምፖሉም መስኮቱም ከጀርባሽ ስለሆኑ ስክሪኑ እንደ መስታወት እየመለሰ ዓይንሽ ውስጥ ይከታቸዋል፣ ወረቀት ላይ ስትጽፊ ደግሞ የራስሽ ጥላ ይጋርድሻል። 18 ዋቱም ያባሰብሽ ለዚህ ነው፣ ነጸብራቁን ነው ያጠነከረው። ማየት ከፈለግሽ ኮምፒውተሩን አጥፊና እንደተቀመጥሽ ጥቁሩን ስክሪን እዪው፣ አምፖሉ ቁልጭ ብሎ ከታየሽ ማታ ማታ 4 ሰዓት ሙሉ ስትታገዪ የነበረው ከሱ ጋር ነው።

መስኮቱ በጎንሽ ይሁን፣ ከፊትሽም ከጀርባሽም አይሁን። በቀኝ እጅሽ የምትጽፊ ከሆነ በግራሽ ቢሆን ይመረጣል፣ የእጅሽ ጥላ ጽሑፉ ላይ አይወድቅም። የቪዲዮውም ነገር ያኔ አብሮ ይስተካከላል፣ ካሜራው ከኋላሽ ያለውን የመስኮት ብርሃን እያየ ነው ፊትሽን የሚያጠቁረው።

የሰሜን መስኮት ምክር ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ እነሱ ጋ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ሰሜኑ ለስለስ ያለ ብርሃን ብቻ ነው የሚያገኘው። ጅማ ግን ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው የምትርቀው፣ ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትሯ ፀሐይ ባንቺው መስኮት በኩል ነች፣ ከዛ በኋላ ወደ ደቡብ ትዞርና ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መጋረጃ የሚፈልገው ደቡብ የሚያይ መስኮት ያለው ሰው ይሆናል። ደግነቱ እኛ ጋ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ታዛው ወጣ ያለ ቤት ይከላከላታል፣ በዛ ላይ ክረምቱን የጅማ ዳመና መች ያሳያትና፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ አምፖል የምናበራበት ቀን ሞልቷል። እውነት የሚያስቸግረው ምሥራቅና ምዕራብ የሚያይ መስኮት ነው፣ ጠዋትና ወደ ማታ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች፣ እዛ ሳሳ ያለ ነጭ መጋረጃ የግድ ነው።

አሁን ወደ ማታው ሥራሽ። የኮርኒሱ አምፖል ብቻውን አይበቃም፣ ግን እሱን አጥፍተሽ በጠረጴዛ መብራት ብቻ አትሥሪ፣ ክፍሉ ጨልሞ ስክሪኑ ብቻ ሲያበራ ዓይን ይደክማል፣ ሁለቱም ይብሩ። የአውሮፓ የሥራ ቦታ መብራት ደረጃ ለንባብና ለኮምፒውተር ሥራ ጠረጴዛው ላይ 500 ሉክስ ይላል፣ ሉክስ ማለት ቦታው ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው፣ ኮርኒስ መሃል ላይ የተሰቀለ አንድ ተራ አምፖል ግን ብዙ ጊዜ 100 እንኳን አይሞላም። መብራት ሲርቅ ቶሎ ነው የሚዳከመው፣ ርቀቱን በግማሽ ብትቀንሺው የሚደርስሽ ብርሃን 4 እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ስለዚህ ኮርኒሱ ላይ ትልቅ አምፖል ከመስቀል ጠረጴዛው ላይ ትንሽ መብራት ማስቀመጥ ያዋጣል። አንገቱ የሚተጣጠፍ፣ አምፖሉ ራሱ ዓይንሽን እንዳያይሽ ቆብ ያለው ግዢ፣ ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ አርገሽ አስቀምጪው።

መርካቶ ስትገዢ ባለሱቁ ስንት ዋት ነው የሚልሽ፣ አንቺ ግን ካርቶኑ ላይ ሉመን የሚለውን ፈልጊ። ዋት የሚበላውን ነው የሚነግርሽ፣ ሉመን ነው የሚያበራውን። ደህና የሆነ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል፣ የድሮው ባለ 60 ዋት እንደማለት ነው፣ ለጠረጴዛ መብራት ደግሞ 400 ወይ 500 ይበቃሻል። ቀለሙ በኬልቪን ነው የሚጻፈው፣ ሱቁ ሁሉ የሚሸጥልሽ ነጩ 6500 ነው፣ ቢጫው 3000 ነው፣ መሃሉ 4000 ከተገኘ ለቀን ሥራ እሱን ነው የምወደው። አንቺ ግን እስከ ማታ 5 ሰዓት ስለምትሠሪ የጠረጴዛውን ቢጫ አርጊው፣ ነጩ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ብርሃን እንቅልፍ ያባርራል። ቮልቴጁንም እዪ፣ ከ85 እስከ 265 የሚል ከሆነ ማታ ማታ ኃይሉ ሲወርድ አይርገበገብብሽም።

አንድ ነገር ደግሞ ሱቁ ውስጥ አስበርተሽ በስልክሽ ካሜራ አምፖሉን ጠጋ ብለሽ እዪው። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ከተንቀሳቀሰ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ዓይንሽ ላያየው ይችላል፣ አንዳንድ ሰው ግን ራሱን የሚያመው በሱ ነው፣ መልሺው። ባለሱቁ ይስቅ ይሆናል፣ ይሳቅ።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎም ግንባርሽን ከያዘሽ ግን ዓይንሽን ለሐኪም አሳዪ፣ መነጽር ይሆናል የሚያስፈልግሽ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ጅሬን የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ማታ የምጽፈው ነገር አለኝ፣ ልጆቼ በሚያነቡበት መብራት እኔ ፊደሉ ይደባለቅብኛል። መነጽሬ አዲስ ነው። ክፍሉ ግማሹ ድረስ ጠቆር ያለ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ነው።

መልስ፦ መምህር፣ በዕድሜ ዓይን የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ልጆችዎ የሚበቃቸው ለእርስዎ ባይበቃ የሚገርም አይደለም፣ የጠረጴዛዎን መብራት ጠንከር ያለ ያድርጉትና ወደ ወረቀቱ ያስጠጉት። የግድግዳው ነገር ግን ከአምፖሉ አይተናነስም፣ ጠቆር ያለ ቀለም ብርሃኑን ይውጠዋል፣ ዘይት ቀለም ደግሞ ያብረቀርቃል። ቢያንስ ጠረጴዛው ያለበትን ግድግዳ በነጭ የውሃ ቀለም ያስቀቡት፣ ቀለም ቀቢ ቢጠፋ ነጭ ጨርቅ መዘርጋትም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ጋሼ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ኮቺ ተከራይቼ ነው። መብራት ሲሄድብኝ ምን ይሻላል፣ ባለ ቻርጅ አምፖል ወይስ ፓወር ባንክ?

መልስ፦ ፓወር ባንክ ካለህ በሱ የሚሠራ ባለ ዩኤስቢ የጠረጴዛ መብራት ግዛ። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) የሚል ደህና ፓወር ባንክ ባለ 5 ዋት መብራት 5 ሰዓት ገደማ ያቆይልሃል፣ ስልክህንም ያው ቻርጅ ታረግበታለህ። ባለ ቻርጅ አምፖሉ ፖርታላምፓዳው ላይ እንዳለ ራሱ ስለሚበራ ይመቻል፣ ግን ሰዓቱ በሄደ ቁጥር እየደበዘዘ ነው የሚሄደው፣ ለጥናት አልመክርህም። ላፕቶፑ ላይ ስትሠራ የስክሪኑን ድምቀት ቀንሰው፣ መብራቱንም ወደ ግድግዳው አዙረህ ክፍሉን ሁሉ ያብራልህ። እና መብራት ሲሄድ ላፕቶፑን ከማከፋፈያው ንቀለው፣ ሲመጣም ቶሎ አትሰካ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይና አምፖሉ መርገብገቡን ሲያቆም ትሰካዋለህ።