ለቺንግ ዘመን የንግድ ታሪክ ኤችኤስኬ 4 ይበቃል?

እኅታችን፣ በታሪክ ተመርቀሽ፣ የቻይንኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና የሆነውን የኤችኤስኬን 4ኛ ደረጃም አልፈሽ፣ ቻይና ሄደሽ «የኦፒየም ጦርነትና የቻይና የውጭ ግንኙነት» በሚል ርዕስ ማስተርስሽን ለመሥራት አስበሻል። ጥያቄሽ ቋንቋውም ርዕሱም ያዋጣኛል ወይ የሚል ነው።

ቋንቋው አይበቃሽም። በቻይንኛ ለሚሰጥ ማስተርስ ብዙ ጊዜ 5ኛ ደረጃ ይጠየቃል፤ እሱም ቢሆን የሚለካው የዛሬውን ቻይንኛ ነው። የቺንግ (የቻይና የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት) ሹማምንት የሚጽፉት በጥንቱ የጽሕፈት ቋንቋ፣ ባልቀለለው ነባሩ ፊደል፣ ያለ ሥርዓተ ነጥብ ነበር። ነባሩን ፊደል ዛሬውኑ ጀምሪ።

ርዕሱ ደግሞ እጅግ ሰፊ ነው። አንድ ወደብ፣ አንድ ሸቀጥ፣ ዐሥር ዓመት ያዢ፤ ለምሳሌ የፉጆ ወደብ ሻይ፣ ከ1870 እስከ 1880 እ.ኤ.አ.። በ1854 ሻንጋይ ላይ የተጀመረውና ከ1863 ጀምሮ እንግሊዛዊው ሮበርት ሃርት የመራው የቻይና የባሕር ጉምሩክ መሥሪያ ቤት የውስጥ ሥራውን የሚያካሂደው በእንግሊዝኛ ነበር፤ የየወደቡንም የንግድ ሪፖርት ያሳትም ነበር። ቻይንኛሽ እስኪጠነክር የምታነቢው አታጪም።

እዚያው ግን አትቅሪ። ለአንድ ፒኩል (60 ኪሎ ገደማ) ሻይ የሚከፈለው 2.5 ቴል (ለገንዘብ የሚያገለግል የብር ማዕድን ሚዛን) የመውጫ ቀረጥ የጉምሩኩ መዝገብ ላይ አለ። ነጋዴው ወደቡ ሳይደርስ በየኬላው የከፈለውን ሊጂን የሚባል ግብር ግን የሚሰበስበው ክፍለ ሀገሩ ነበር። የጉምሩኩን ቁጥር ብቻ ይዘሽ የቻይና ሻይ በህንድ ሻይ ለምን እንደተበለጠ ልታስረጂ ብትነሺ፣ የግብሩ ሸክም ቀላል ይመስልሻል፤ ስሌትሽም ይፈርሳል። የጥንቱን ቻይንኛ የምትማሪው የክፍለ ሀገሩን ሰነድ ለማንበብ ነው።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በቀንና በገንዘብ መለኪያ ነው። የመጀመሪያውን የኦፒየም ጦርነት የቋጨው የናንጂንግ ውል የተፈረመው ንጉሠ ነገሥት ዳኦጓንግ በነገሡ በ22ኛው ዓመት፣ በ7ኛው ወር፣ በ24ኛው ቀን ነው። 7ኛውን ወር ጁላይ ብለሽ ካነበብሽ ከአንድ ወር በላይ ትስቻለሽ፤ ወሩ የጨረቃ ነውና ትክክለኛው ኦገስት 29 ቀን 1842 ነው። በሁለት የዘመን አቆጣጠር ላደግሽው ለአንቺ ይህ አይከብድሽም። ቴልም አንድ ዓይነት አይደለም፤ 100 የጉምሩክ ቴል 111.4 የሻንጋይ ቴል ነው። የሠንጠረዡን ራስጌ ሳታዪ አትደምሪ።

ከማመልከትሽ በፊት ለምትፈልጊው ፕሮፌሰር አንድ ገጽ ጻፊ፦ ወደቡ፣ ሸቀጡ፣ ዓመታቱ፣ ጥያቄሽ፣ ሰነዱ የሚገኝበት ቦታ (የጉምሩኩ መዝገብ ናንጂንግ በሚገኘው የቻይና ሁለተኛው የታሪክ ቤተ መዛግብት ነው)። ራስሽ የተረጎምሽውን አንድ አጭር የቺንግ ሰነድም ከነዋናው አያይዢበት።