ኤርፖርት ውስጥ መቅረጽ እንፈልጋለን፣ ማንን እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ አጭር ፊልም እየሰራን ነው፣ አንዲት ልጅ እናቷን ኤርፖርት ስትሸኝ የምታሳይ 2 ገጽ ሲን (ትዕይንት) አለችን። ለኤርፖርቱ "ፊልም መቅረጽ ስለምንፈልግ ፈቃድ ስጡን" ብለን ኢሜይል ከላክን 3 ሳምንት ሆነን፣ መልስ የለም። ካሜራማናችን ደግሞ "ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ የለ እንዴ፣ እኛም እንደ ሸኚ ገብተን እንቅረጽ" እያለ ነው። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ካሜራማናችሁን አትስሙት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና። ሸኚ በስልኩ ሲቀርጽና እናንተ ትራይፖድ ተክላችሁ፣ ቡም (የማይክ ዘንግ) ዘርግታችሁ፣ አንዷን ልጅ 10 ጊዜ ስታስለቅሱ አንድ አይደለም፣ ጥበቃው መጥቶ የቀረጻችሁትን አጥፉ ካላችሁ ደግሞ ቀኑም ሲኑም ሄደ።

መልስ ያጣችሁት ግን ጨካኝ ስለሆኑ አይመስለኝም፣ ደብዳቤያችሁ ስለማያስወስን ነው። "ፊልም እንቀርጻለን" ሲባል የሚያነበው ሰው የሚያስበው መብራት፣ ጄኔሬተር፣ 60 ሰው ነው፣ እና ዝም ይላል። የት ቦታ፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው፣ የሁሉም ስምና መታወቂያ፣ የካሜራና የሌንሱ ዝርዝር ከነሲሪያል ቁጥሩ፣ ለሶስተኛ ወገን የሚሆን ኢንሹራንስ፣ እና ያቺን 2 ገጽ ስክሪፕት አያይዛችሁ ላኩ። ስክሪፕቷን አትደብቁ፣ ታሪኩ ውስጥ ቦምብ ወይም ጠለፋ ካለ መጨረሻ ላይ ሲደርሱበት የከፋ ነው። የእናንተ መሸኘት ብቻ ስለሆነ እንደውም ትጠቅማችኋለች። የሚላከውም ለጥበቃው ሳይሆን ኤርፖርቱን ለሚያስተዳድረው ድርጅት የኮሙኒኬሽን ክፍል ነው፣ የአየር መንገድ የመንገደኛ መቀበያ ጠረጴዛና አርማ ከታየ ደግሞ አየር መንገዱን ለብቻው መጠየቅ ግድ ነው (ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው፣ የኤርፖርቱ ፈቃድ ሁሉንም የሚሸፍን ይመስለዋል)።

ትልቁ ነገር ግን የፍተሻው መስመር ነው። ከፍተሻ በፊት ያለው አዳራሽና የመኪና ማውረጃው ብዙ ጊዜ በንግግር ይገኛል። ከፍተሻ ወዲያ ያለው ሌላ ዓለም ነው፣ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አኔክስ 17 የሚባለው የደህንነት ሰነድ ማን እንደሚገባ መቆጣጠርን ለአገሮች ግዴታ አድርጓል፣ ስለዚህ ቢፈቀድላችሁ እንኳ አጃቢ ተመድቦላችሁ ነው፣ የአጃቢው ሰዓት ሂሳብም ብዙ ጊዜ እናንተ ላይ ነው። ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ አካባቢ ካሜራ አታስቡ። እና እውነቱን ንገሩኝ፣ ስንብት እኮ ከፍተሻ በፊት ነው የሚሆነው! እናትየዋ ወደ ፍተሻው ስትሄድ ከጀርባዋ አሳዩ፣ በቃ፣ ከዛ ወዲያ የሚሆነውን ተመልካቹ ራሱ ይጨርሰዋል።

ሰፊውን ሾት ብቻ እዛ ቅረጹ፣ የፊት ክሎዝአፑን ግን መስታወትና ነጭ ግድግዳ ያለው ሌላ ህንጻ ውስጥ ልትጨርሱት ትችላላችሁ። ድምፅም ቢሆን በየደቂቃው የበረራ ማስታወቂያ እየገባ ዲያሎጉን ስለሚያበላሽባችሁ ንግግሩን ሌላ ቦታ መቅዳት ነው የሚያዋጣው። ሰዓት ስትመርጡ በረራ የሚሳሳበትን ጠይቁ። ጭስ ማሽን ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ የእሳት ደወል ይነሳል። ኬብል መተላለፊያ ላይ አይዘርጋ፣ መብራትም ወደ አውሮፕላን ማኮብኮቢያው በኩል አይዙር። ድሮን የሚባለውን ቃል ደብዳቤው ላይ እንኳ አታንሱት 😅

ትልልቅ ፕሮዳክሽኖችም ቢሆኑ እኮ ሁልጊዜ የሚሰራ ኤርፖርት አይደለም የሚያገኙት፣ ሞንትሪያል አጠገብ ያለው ሚራቤል ኤርፖርት እ.ኤ.አ. በ2004 የመንገደኛ በረራ ካቆመ በኋላ ባዶ ተርሚናሉ ለፊልም ቀረጻ ሲያገለግል ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ለቀረጻ በአውሮፕላን ልሄድ ነው፣ የካሜራ ባትሪዎቼን ይወስዱብኛል ወይ?

መልስ፦ ትርፍ (ካሜራው ላይ ያልተገጠመ) ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። እስከ 100 ዋት-አወር (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን) ድረስ በአጠቃላይ ችግር የለውም፣ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ እሱም ከ2 ትርፍ አይበልጥም። ባትሪው ላይ ዋት-አወር ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፔር-አወር አባዛው፣ ለምሳሌ 14.8 ቮልት ሲባዛ በ6.6 ወደ 98 ይመጣል። ጫፎቹን በቴፕ ሸፍናቸው። ከ160 በላይ የሆነውን ግን ይዘህ ኤርፖርት ድረስ አትልፋ፣ ቀድመህ በካርጎ የሚልክልህ ፈልግ።