«ኤምአርአዩ ንጹህ ነው፤ ታዲያ ምን ሆኛለሁ?»

እሁድ ዕለት፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ የእድራችን ስብሰባ እንዳለቀ ኮሚናሉ ውስጥ ቡና ተፈላ። የእድሩ ዳኛ «ይቺ ልጅ የምታጠናው ስለ ድባቴ፣ ስለ ጭንቀትና ስለ አንጎል ነው፤ ጠይቋት» ብለው አጋፈጡኝ። በረካው ተጠጥቶም ጥያቄው አላለቀም። ያስታወስኩትን ጻፍኩት።

ድባቴ ያው ሐዘን አይደል እንዴ?

አይደለም። ያዘነ ሰው መሃል ላይ ይስቃል፤ ልጅ ሲመጣ ፊቱ ይፈታል። ድባቴ ግን ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ አብዛኛውን ቀን ይጫናል። የሚወዱት ነገር ጣዕም ያጣል።

ልጆቼ አዋጥተው ኤምአርአይ የሚባለውን የአንጎል ምስል አስነሱኝ። ንጹህ ነው ተባልኩ። ታዲያ እንቅልፍ የሚነሳኝ ምንድን ነው?

ጠያቂው ጋሼ ፊልሙን ከፌስታል አውጥተው ወደ መስኮቱ ያዙት። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን።

ጋሼ፣ ይሄ ምስል ዕጢ፣ የደም መፍሰስ ወይም ስትሮክ ለመፈለግ ነው። ድባቴን ለይቶ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ድባቴ ያለባቸውን 1,728 ሰዎች አንጎል ከሌለባቸው 7,199 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ለማስታወስ የሚረዳን ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል በታማሚዎቹ ላይ አንሶ ተገኘ። በስንት? በአማካይ በ1.24 በመቶ። የኛ እድር አባላት ከጎረቤት እድር አባላት በአማካይ 2 ሳንቲ ያጥራሉ እንደማለት ነው። በር ላይ የቆመ አንድ ሰው ቁመቱ ተለክቶ የየትኛው እድር እንደሆነ አይታወቅም።

ፊልሙን አጥፌ ሌላ ሌላውን ጠየቅኳቸው። ሌሊት 9 ሰዓት ይነቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። እህል አልወርድ ብሏቸዋል። ዳማ ከተጫወቱ 4 ወር ሆኗቸዋል። እሳቸው! ብሎኩን ሁሉ ሲያሸንፉ የኖሩት ሰውዬ። ለኔ ከፊልሙ ይልቅ የዳማው ነገር ብዙ ይናገራል።

ስልክ ላይ የምናየው ቀይና ቢጫ የአንጎል ፎቶስ?

ቀለሙን የሚቀባው ኮምፒውተር ነው። ማሽኑ ያው ኤምአርአይ ነው፤ ሐሳብ አያነብም፤ የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች የሞተ ሳልመን ዓሣ ማሽኑ ውስጥ አስተኝተው የሰዎች ፎቶ «አሳዩት»። ስሌቱ በጥንቃቄ ሳይስተካከል ሲቀር፣ የሞተው ዓሣ አንጎል «ሲሠራ» ታየ። ተማሪዎቼን የማስፈራራው በዚህ ዓሣ ነው።

ባጃጅ እየነዳሁ ድንገት ልቤ ይመታል፤ የምሞት ይመስለኛል። ልብህ ደህና ነው ብለውኛል።

ልብህን መመርመርህ ጥሩ ነው። አንጎል ውስጥ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ አደጋ ጠቋሚ ናት። አንዳንዴ ጅብ ሳይኖር «ጅብ!» ትላለች። አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ያልበዋል። ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካና መውረድ ይጀምራል። ባጃጇን ዳር አስይዝና ቀስ ብለህ ተንፍስ። ከተመላለሰብህ ሕክምና አለው። ደግሞ ቶናውን ለጎረቤትህ አሳልፍ፤ ቡናም ጫትም ያባብሱታል።

ድባቴ የሴሮቶኒን ማነስ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ሴሮቶኒን የአንጎል ሴሎች መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ነገሩ እንደዚያ ቀላል ቢሆን እኔም ሥራ ባልኖረኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የቀደሙ ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ ለዚህ አባባል አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። የድባቴ መድኃኒት አይሠራም ማለት ግን አይደለም፤ ብዙዎችን ይረዳል። ሴሮቶኒንን የሚነካው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ስሜት የሚሻሻለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። በ5ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብላችሁ እንዳትጥሉት። ሐኪም ሳታማክሩም በድንገት አታቁሙ።

ልጄን ጠበል ላይ መድኃኒቱን ተዪ አሏት።

እትዬ፣ ጠበሉንም ትጠመቅ፣ ኪኒኑንም ትዋጥ።

አንቺስ ሥራሽ ምንድን ነው?

ባብዛኛው 9 ጥያቄ ይዤ መዞር። ስለ ያለፉት 2 ሳምንታት ነው፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም፣ ተስፋ። ችግሩ ቃሉ ነው። «ድባቴ አለብኝ» የሚለኝ ሰው ጥቂት ነው። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ራሴን ይወቅረኛል» ነው የሚሉኝ። 9ኛው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። እሱን ሰው ፊት አልጠይቅም።

ሰው ሲበተን ሲኒ የምታጥበው ጎረቤቴ «9ኛውን እኔን ጠይቂኝ» አለችኝ። ይህን የምጽፈው በፈቃዷ ነው። ሲኒውን አብረን አጠብን። ያን ሌሊት እኔ ቤት አደረች፤ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን።