ከአልጋ ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሰው ነኝ። ሃርት አታክ ይዞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ከወጣሁ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል፤ አንድ ቀን የበሩን መቃን ይዤ ነው ከመውደቅ የተረፍኩት። የልብ ምቴን ስለካ 56 ሆኖ ባገኘው ሜቶፕሮሎሉን ካቆምኩ አራት ቀን ሆነኝ፤ ኢናላፕሪሉን እየወሰድኩ ነው። ባለቤቴ ግፊትህ ወርዶ ነው ብላ ጨው በውሃ እየበጠበጠች ትሰጠኛለች። ማዞሩ ከምን የመጣ ነው?

መልስ፦ እንደገባኝ የፈሩት ማዞሩን አይደለም። ልቤ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ አንድ ሌሊት ሊቆም ነው ብለው ነው። 56 ያንን አያመለክትም። ሜቶፕሮሎል የተሰጠዎት የተጎዳው ልብ እንዳይጣደፍ ነው፤ መድኃኒቱ ሥራውን ስለሠራ ቀጡት።

ሰው ከተኛበት ሲነሳ ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ደም ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል። አንገት ላይ ባሉት ትላልቅ የደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ግፊት የሚለኩ ነርቮች አሉ። እነሱ መውረዱን ለአንጎል ይነግራሉ፤ ምቱ ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ነገሩ በሴኮንዶች ውስጥ ያልቃል። ከሃርት አታክ በኋላ ይህ ምላሽ ይደነዝዛል። ብዙውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየተመለሰ ይመጣል። በዚያ ላይ ኢናላፕሪል ራሱ ግፊት ያወርዳል፣ አልጋ ላይ መክረሙም ጉልበት ይነሳል።

ማቋረጡን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ሜቶፕሮሎል በድንገት ሲቆም ልብ እንደተፈታ ፈረስ ይሆናል፤ ሁለተኛ ሃርት አታክ ሊያመጣ ይችላል። አራት ቀን! አንድ ስልክ መደወል ምን ያህል ይከብዳል? ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ያለፈዎትን ክኒን ለማካካስ ደርበው እንዳይውጡ።

አሁን ወደ ጨው። ግፊት ወረደ በተባለ ቁጥር ጨው ማላስ በየቤቱ ያለ ነገር ነው፤ እናቴም ታደርገው ነበር፣ ስለዚህ ባለቤትዎን አልወቅስም። ግን ጨው ውሃ ይይዛል። ያ ውሃ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ የሚገፋው የቆሰለ ልብ ይፈልጋል። ልብ ሲያቅተው ውሃው ሳንባ ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚመስል ልንገርዎ፦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ትንፋሽ አጥሮት ይነሳል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ሦስት ትራስ ደራርቦ ካልሆነ መተኛት አይችልም፣ የካልሲው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሰርጉዶ ይቀራል። ቤተሰቡ ብርድ መታው ይላል። ብርድ አይደለም፣ ጨው ነው። ሾርባውም፣ ሚጥሚጣው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። የበጠበጡት ካለ አሁኑኑ ይድፉት።

ተቀምጠው ሳሉ ወይም ደረጃ ሲወጡ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ራስዎን ከሳቱ ግን ይህ የመነሳት ማዞር አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል።

እስከዚያው ጠዋት ሲነቁ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ፣ እግርዎን ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ይዘው ይነሱ። አምስት ደቂቃ ተኝተው ግፊትዎን ያስለኩ፤ ከዚያ ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ቁጥሮቹን ጽፈው ለሐኪምዎ ይውሰዱ፤ የሚቀነሰውን መድኃኒት የሚመርጠው እሱ ነው።