ከሻርጃ ሞተርና ካምቢዮ በመርከብ ልትልኪ ላሰብሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ወንድምሽ አዲስ አበባ ዶልፊን ሚኒባስ ይነዳል፣ ሞተሩ ነክሶ መኪናው ቆሟል። አንቺ ደግሞ ከሻርጃ ያገለገለ ፋይቭ ኤል የናፍጣ ሞተር ከነካምቢዮው፣ አንድ የፊት ፓራውልትና ትንንሽ እቃዎች በመርከብ ልትልኪለት ነው። "በኪሎ ነው በኩብ? ቀረጡስ?" ብለሻል። ኮሜንቱ ላይ ግማሹ ሰው "ካርጎ ቢሮ ወስደሽ ስጫቸው፣ እነሱ ይጨርሱልሻል" ይልሻል። አይጨርሱልሽም። እኔም ሻርጃ ሆኜ ለታናሽ ወንድሜ ያንኑ ዓይነት ሞተር ነው የላክሁት፣ እና ነገሩን ጥርሴን ነቅዬበታለሁ።

"ለምን እዚሁ አትገዙም?" ለምትሉት ደግሞ፣ አዲስ አበባ የመኪና እቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ዋጋ ጠይቁና ተመለሱ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ የምታውቁትን ዋጋ እርሱት። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ስለዚህ ሁሉም ያለችውን እያስታመመ ነው።

1. በኪሎም በኩብም ነው። አንድ ቶን ወይም አንድ ኩብ ሜትር፣ ከሁለቱ የበለጠው ይታሰባል። የመኪና እቃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ኩቡ ነው። ሲለኩ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው የሚለኩት። ሞተሩ ፓሌት ላይ ታስሮ 1.2 ሜትር በ0.8 በ0.9 ከሆነ 0.864 ኩብ ነው። የአብዛኞቹ ካርጎዎች ትንሹ ሂሳብ የ1 ኩብ ስለሆነ የ1 ትከፍያለሽ። ያንን ፓራውልት ላዩ ላይ አስረሽው ርዝመቱ 1.8 ከሆነ ግን በአንዴ 1.296 ገባ። ለአየር ነው የምትከፍይው። ፓራውልቱን ተይው፣ ቢደርስም ተሰንጥቆ ነው የሚደርሰው። በዚያ ፋንታ ሞተሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በፍሬን ሸራ፣ በኩሽኔታና በፊልትሮ ሙዪው።

2. ሞተሩን አድርቂው። ዘይቱ ይፍሰስ፣ ውሃው ይፍሰስ፣ የነዳጅ መስመሩ ይድረቅ። ነዳጅ የቀረበት ሞተር፣ ባትሪ፣ ኤርባግ፣ እነዚህ ሁሉ በመርከብ ላይ አደገኛ ጭነት ናቸው። "አንድ ባትሪ ብጨምር ማን ያያል" የሚል አይጠፋም፣ እሱን ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

ከዚያ የሞተር ቁጥሩ። ብሎኩ ላይ ተመትቷል፣ ግን በግሪዝ ስለተሸፈነ በዓይንሽ አታገኚውም። በናፍጣና በብሩሽ ይታጠብ። ሲደርቅ ነጭ ጠመኔ እሽት አድርጊበት። ጠመኔው ስርጉዱ ውስጥ ሲቀር ቁጥሩ ፍንትው ይላል፣ ያኔ ፎቶ አንሺ። ይሄን ያህል ለምን ትያለሽ? ወንድምሽ ሞተር ሲቀይር ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርም መቀየር አለበት። ለዚያ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም እቃው በጉምሩክ የገባበት ወረቀት፣ ይጠየቃል። ዲክላራሲዮኑ "ያገለገለ የመኪና እቃ" ብቻ ካለ፣ ሞተሩ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ላይ ሲመላለስ ይከርማል። ሻጩ ኢንቮይሱን "ዩዝድ ስፔር ፓርትስ" ብሎ ሊገላገልሽ ይሞክራል። እምቢ በይ። ሞተር ከነቁጥሩ ለብቻ፣ ካምቢዮ ለብቻ፣ ሌላውም በየስሙ ይጻፍ። የናፍጣ ሞተር በጉምሩክ ታሪፍ 8408 ነው፣ ካምቢዮ ደግሞ 8708። በአንድ መስመር የሚጠቃለሉ አይደሉም።

ኢንቮይሱን ዝቅ አድርጊ ያለሽን ሰውዬም አትስሚው። ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው፣ ወረቀትሽን ካላመነ በራሱ ዋጋ ያሰላዋል። ስሌቱ የእቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምረው ነው። ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ ቫት 15 በመቶ፣ ሱር ታክስ 10 በመቶ እያለ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። ሌላም ሌላም አለ፣ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ዛሬ ባለው ታሪፍ ያስላልሽ።

3. አሁን ወደ ዋናው። ዋጋው የት ድረስ ነው?

እኔ የሄድኩበት ካርጎ ቢሮ ስሙን አልጠራም። በኩብ የነገሩኝ ዋጋ ከሁሉም የረከሰ ነበር። "እስከ አዲስ ነው?" አልኩ። "እስከ አዲስ ነው ወንድሜ፣ አንተ ሻይህን ጠጣ" አለኝ፣ ያውም በዋትሳፕ ድምፅ። የቢሉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ረቂቅ ሲመጣ መድረሻ ወደብ ጅቡቲ ይላል። የመጨረሻ መረከቢያ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ደወልኩ። "ሁሌም እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ ችግር የለውም" አሉኝ። እንዲሞሉት ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ።

እቃው ጅቡቲ ገባ። ከዚያ ሂሳቡ ይጎርፍ ጀመር፦ የወደብ፣ የማራገፊያ፣ የትራንዚት፣ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ የጭነት መኪና። ያ ርካሽ ዋጋ ባሕሩን ብቻ ነበር የሚሸፍነው። ይባስ ብሎ ኮንቴይነሩ ውስጥ የብዙ ሰው እቃ ነው ያለው፣ አንዱ ጀግና ዝርዝሩ ላይ ያላስጻፋቸው ባትሪዎች ከቷል። የሱ ጉዳይ እስኪጣራ የሁላችንም እቃ ታገተ። የመጋዘኑ ኪራይ ይቆጥራል፣ እሱንም ለሁላችን አካፈሉን።

ለእረፍት አገር ቤት ገብቼ ስለነበር አዲስ አበባ ያለው ወኪላቸው ጋ ራሴ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ስልኩን እየነካካ "ሲስተም የለም፣ ነገ ና"። ነገ ስሄድ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው"። ሻርጃ ስደውል "አዲስ አበባዎቹን ጠይቅ"፣ አዲስ አበባ ስጠይቅ "ሻርጃ የተነገረህን እኛ አናውቅም"። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይሄ ነው። በመጨረሻ ስልኬን አውጥቼ ያንን "እስከ አዲስ ነው ወንድሜ" የሚለውን ድምፅ መስኮቱ ላይ ከፍ አድርጌ ለቀቅሁት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። ደገምኩት። ስብሰባ ላይ ያለው ኃላፊ በአንዴ ከጓሮ ብቅ አለ፣ እጄን ይዞ ወደ ውስጥ፣ ሻይ ታዘዘ። የጭነት መኪናውንና የወኪል ክፍያውን ሰረዙልኝ። የመጋዘኑን አልቻልኩም። ዛሬ ድረስ ያንገበግበኛል።

ሞተሩ ግን ይኸው ወንድሜ መኪና ላይ እየሠራ ነው፣ ጠብ የሚል ዘይት የለውም። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሹፌር ሁሉ እቃ ሊያስመጣ ሲል መጀመሪያ እኔ ጋ ነው የሚደውለው።

4ኛ ላይ ነበርን መሰለኝ። ዲናሞ፣ ሞተሪኖና ፖምፓ ከሞተሩ ላይ ተፈትተው የመጥፋት ልማድ አላቸው። በእንጨት ሳጥን አሳሽጊው፣ ሲዘጋም ቪዲዮ ቅረጪ። እንጨቱ በሙቀት የታከመ መሆኑን የሚያሳይ ማህተም ይኑረው። ተቀባዩ ስም ላይ የወንድምሽ ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው በፊደል ሳይዛነፍ ይጻፍ። ብዛቱንም አታብዢው፣ ንግድ ፈቃድ ለሌለው ሰው የሱቅ እቃ የሚመስል ጭነት ጥያቄ ያስነሳል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለካርጎዎቹ እንዲህ ብለሽ ላኪ፣ በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ፦ "ዋጋው እስከ ጅቡቲ ነው ወይስ እስከ ሞጆ ወይም ቃሊቲ ደረቅ ወደብ? ዲሊቨሪ ኦርደር (የእቃ መልቀቂያ ወረቀቱ) እና የጅቡቲ ወጪ ተካቷል? ቢሉ ላይ የመጨረሻ መረከቢያው የት ተብሎ ይጻፋል? እቃው ከኔ ጋር የተጫነ ሌላ ሰው ጉዳይ ጭነቱን ቢያስቆመው የመጋዘን ኪራዩን ማን ይከፍላል?" ለአራተኛው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሚሰጥሽ ካገኘሽ ስሙን ለኔም ንገሪኝ። ኢንቦክስ ግን አትግቡብኝ፣ አላየውም። የመለሱልሽን እዚሁ ለጥፊው፣ አይተን እንነግርሻለን።